የታርጋ መብራትን በራስ እጅ ማሻሻል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የሥራ ቦታዬ መሃል ከተማ በመሆኑ ወደ ቤቴ የምመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመሸ በኋላ ነው። የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለች ትንሽ የቤት መኪና አለችኝ። ባለፈው ወር ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብዬ አንድ የትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝና ታርጋዬ በጨለማ እንደማይነበብ በትሕትና ነገረኝ። ወርጄ ስመለከት ከሁለቱ አምፖሎች አንዱ ጠፍቷል፤ ሌላው ደግሞ ከጧፍ የማይሻል ቢጫ ብርሃን ይሰጣል። አንዱ ጎረቤቴ ኤልኢዲ (LED) አምፖል እንዳስገባ መከረኝ፤ ሌላው መብራት ያለው የታርጋ ፍሬም ገዝቼ እንድገጥም ነገረኝ። ካቻቪቴና ፒንሳ ከመያዝ ያለፈ ሙያ የለኝም፤ ሥራውን ግን ራሴ ብሠራው ደስ ይለኛል። ከየት ልጀምር? ምን ዓይነት አምፖልስ ልግዛ?
አንባቢያችሁ፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ሥራው ከአቅምዎ በላይ አይደለም። በመኪና ኤሌክትሪክ ላይ እጁን ለመፍታት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም ለማለት እንደፍራለን። ይሁን እንጂ ወደ መኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄደው አዲስ አምፖል ከመግዛትዎ በፊት ያለውን መብራት አጽድተው ወደ ቀድሞ ኃይሉ ለመመለስ እንዲሞክሩ አጥብቀን እንመክራለን። የሚፈልጉት ብርሃን በአብዛኛው እዚያው መኪናዎ ላይ፣ በአቧራና በዝገት ታፍኖ ይገኛል። በዛገ ሶኬት ላይ የተሰካ ውድ አምፖል ደግሞ ጥቂት ወራት ሳይቆይ እንደ አሮጌው መፍዘዙ ወይም መጥፋቱ አይቀርም።

ምክንያቱን እናስረዳ። በውስጡ ቀጭን ሽቦ ያለው የተለመደው አምፖል ቮልት ሲቀንስበት ብርሃኑ የሚቀንሰው በእጥፍና ከዚያም በላይ ነው፤ ቮልቱ በ10 በመቶ ቢጎድል ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይጎድላል። ስለዚህ በሶኬቱ ላይ ያለ ጥቂት ዝገት ወይም መካኒኮች «ማሳ» በሚሉት፣ ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪ በሚመለስበት መገናኛ ላይ ያለ መላላት፣ ደህናውን አምፖል የጧፍ ብርሃን ሊያስመስለው ይችላል። በእርስዎ ሠፈር ደግሞ አቧራው አለ። የኋላ ገጽታቸው ቀጥ ብሎ የሚወርድ መኪኖች ሲሄዱ ከኋላቸው አየሩ ስለሚሽከረከር አቧራውን ወደ ራሳቸው ይስባሉ፤ በበጋ የኋላ መስታወትዎ ከፊተኛው ቀድሞ የሚቆሽሸው በዚህ ምክንያት ነው። የታርጋ መብራቱም የሚገኘው በዚያው የአቧራ መንገድ ላይ ነው።

እሑድ ጠዋት፣ ፀሐይ መኪናዋን ትንሽ ካሞቀቻት በኋላ ሥራውን ይጀምሩ። የ20 ዓመት ፕላስቲክ በብርድ ጊዜ በቀላሉ ይሰበራል፤ ሲሞቅ ግን ይለሰልሳል። ሞተሩንና መብራቱን ሁሉ ያጥፉ። የመብራቱ ክዳን በብሎን የታሰረ ከሆነ ይፍቱት፤ በፕላስቲክ ጥርስ የተያዘ ከሆነ ደግሞ የጠፍጣፋ ካቻቪቴን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልለው ቀስ ብለው ያንሱት። አብዛኞቹ የቶዮታ የቤት መኪኖች የሚይዙት «ቲ10» የሚባለውንና ከሥሩ ጠፍጣፋ የሆነውን የመስታወት አምፖል ነው። ይህ አምፖል ቀጥታ ተስቦ ይወጣል እንጂ አይዞርም። አልወጣ ካለ በፒንሳ አይጨምቁት፤ መስታወቱ ተሰብሮ እጅዎን ሊቆርጥ ይችላልና በወፍራም ጨርቅ ይዘው ግራና ቀኝ እየነቀነቁ ይሳቡት።

ክዳኑን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይጠቡት። ወደ ቢጫነት ከተለወጠ በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ማሸት ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል፤ ከተሰነጠቀ ግን ይቀይሩት። በሶኬቱ ውስጥ ያሉትን የነሐስ ምላሶች በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጠርገው፣ አምፖሉን አጥብቀው እንዲይዙ ጥቂት ወደ ውስጥ ያጥፏቸው። ከዚያም ደህና አምፖል አስገብተው ያብሩ። ብርሃኑ አሁንም ደካማ ከሆነ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዋሱና አምፖሉ እየበራ ሳለ በሁለቱ ምላሶች መካከል ያለውን ቮልት ይለኩ፤ ከባትሪው ቮልት ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ ቮልት በላይ የሚጎድል ከሆነ በመንገዱ ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ቀጥለው የቴስተሩን አንድ ጫፍ በመብራቱ የማሳ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ነጌቲቭ ላይ ያድርጉ። እዚህ ላይ ንባቡ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። ካልሆነ የማሳውን ብሎን ፈትተው፣ ብረቱን እስኪያበራ ፍቀው መልሰው ያጥብቁት።

በእርስዎ ዓይነት መኪና በተለይ ልናሳስብ የምንወደው ሌላ ቦታ አለ። ወደ ኋላ በሩ የሚሄዱት ሽቦዎች በሩ በታጠፈና በተዘረጋ ቁጥር ስለሚተጣጠፉ ከዓመታት በኋላ በማጠፊያው አጠገብ ባለው የጎማ ቱቦ ውስጥ ይቆረጣሉ፤ ልባሱ ግን ደህና ሊመስል ይችላል። መብራቱን አብርተው አንድ ሰው በሩን ቀስ እያለ ሲከፍትና ሲዘጋ ይመልከቱ፤ ብልጭ ድርግም ካለ ሕመሙ እዚያ ነው። ያን ጊዜ የባትሪውን ነጌቲቭ ይንቀሉ፤ የተቆረጠውንም ቋጥሮ በናስትሮ መጠቅለል በቂ እንዳልሆነ ይወቁ፤ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ያለ ቋጠሮ እንደገና ይበጠሳልና። ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት አዲስ ሽቦ በማጠፊያው ውስጥ አሳልፈው፣ መጋጠሚያዎቹ ከቱቦው ውጪ እንዲሆኑ አድርገው በካውያና በሊድ ያስበይዱ፤ በሙቀት በሚጠብቅ የፕላስቲክ ቱቦም ያልብሱት። ይህን ክፍል በሙያተኛ ማሠራት ነውር የለውም።

ይህን የምናጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የታርጋው መብራት በአብዛኞቹ መኪኖች ከኋላ ቀይ መብራቶች ጋር በአንድ ፊውዝ ሥር ነው። የተላጠ የታርጋ ሽቦ ብረት ነክቶ ፊውዙን ቢያቃጥል፣ የመንገድ መብራት በሌለበት መንገድ ላይ ያለ ኋላ መብራት ይጓዛሉ፤ ከፊት ሆነው ደግሞ ይህን አያውቁትም። ፊውዝ ከተቃጠለ ያው አምፔር ያለው ይተካ። በፊውዝ ቦታ ሽቦ መክተት መኪናን ለእሳት መስጠት ነው።

አሁን ወደ ኤልኢዲው እንምጣ። ጎረቤትዎ አልተሳሳቱም፤ በሚገባ ከተመረጠ ኤልኢዲ ረጅም ዕድሜ አለው፣ የሚወስደውም ኤሌክትሪክ ጥቂት ነው። የተለመደው ቲ10 አምፖል 5 ዋት ወስዶ 50 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ብርሃን ይሰጣል፤ ታርጋ ለማንበብም ይህ ይበቃል። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ ብዙ መቶ ሉመን የተጻፈበትን አይፈልጉ። ታርጋው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ያለው ነጭ ሰሌዳ በመሆኑ ከልክ ያለፈ ብርሃን ሲያርፍበት ነጩ ያይልና በተለይ በካሜራ ሲታይ ፊደሉንና ቁጥሩን ይውጠዋል፤ ከኋላ የሚመጣውን አሽከርካሪም ዓይን ይወጋል። ከ4000 እስከ 5000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚል ንጹሕ ነጭ ይምረጡ። ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን ይተውት፤ የቤት መኪና ኮድ 2 ታርጋ ጽሑፉ ሰማያዊ ስለሆነ ከነጩ መለየቱን ያደበዝዘዋል።

ከብርሃኑ መጠን ይልቅ ገዢዎች የሚሳሳቱት በአቅጣጫው ነው። የተለመደው አምፖል በሁሉም አቅጣጫ ያበራል፤ ኤልኢዲ ግን ብርሃን አመንጪዋ ትንሽ ክፍል፣ ቺፑ፣ ወደሚያይበት ብቻ ነው። በብዙ መኪኖች የታርጋ አምፖሉ በቤቱ ውስጥ በጎኑ ተጋድሞ ነው የሚቀመጠው። ቺፑ ጫፉ ላይ ብቻ ያለ ኤልኢዲ እዚያ ሲገባ የሚያበራው የመብራቱን ቤት ግድግዳ እንጂ ታርጋውን አይደለም። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት አሮጌው አምፖል በየት በኩል እንደሚተኛ ልብ ይበሉ፤ የሚተኛ ከሆነ በጎኖቹ ሁሉ ቺፕ ያለውን ይግዙ። ርዝመቱም ከአሮጌው እንዳይበልጥ ያስተያዩ፤ አለበለዚያ ክዳኑ አይዘጋም። አስገብተውት ባይበራ አይደንግጡ፤ ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ስለሚለይ አውጥተው ገልብጠው ይሰኩት።

መብራት ያለውን የታርጋ ፍሬም ግን እንዲተዉት እንመክራለን። እንዲህ ያለው ፍሬም የኮዱን ቁጥር ወይም «አአ» የሚለውን ጽሑፍ ጠርዙን ሊሸፍን ይችላል። ለእሱም ሲባል ደህናው የመኪናው ሽቦ ተልጦ ሌላ ሽቦ ይቀጠልበታል፤ ብርሃኑም በብዛት ወደ ታርጋው ሳይሆን ወደ ኋላ ይፈሳል። ከታርጋ መብራት ወደ ኋላ የሚወጣ ነጭ ብርሃን፣ መኪናው ወደ ኋላ ሊሄድ ነው ብሎ ተከታዩን ሊያሳስተው ይችላል።

ሲጨርሱ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ በግቢያችሁ መኪና ማቆሚያ ላይ ይፈትኑት። በ1968 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት የኋላ ታርጋ በጠራ ሌሊት ከ20 ሜትር ርቀት እንዲነበብ ይጠይቃል፤ ይህም 27 እርምጃ ያህል ነው። የሌሎች መኪኖች መብራት በሌለበት ከዚያ ርቀት ቆመው የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ቁጥር ያንብቡ። ከኋላዎ የሚመጣ መኪና መብራት ታርጋውን ያደምቀዋል፤ ሽፋኑ የመጣውን ብርሃን ወደ መጣበት ስለሚመልስ ነው። በመንገድ ዳር የቆመ እግረኛ ግን ያ ብርሃን አይመለስለትም፤ እሱ የሚያነበው በእርስዎ አምፖል ብቻ ነው። በከተማችን ዳርቻ በጨለማ ሰው ተገጭቶ መኪናው ቢያመልጥ፣ ለተጎጂው ቤተሰብ የሚተርፈው አንድ ሰው ያነበበው ቁጥር ብቻ ሊሆን ይችላል። ለዚህች ትንሽ መብራት ይህን ያህል ገጽ የሰጠነውም ስለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ በሰንዳፋ መንገድ የምሠራበት የጭነት ፒክአፕ አለኝ። በታርጋው መብራት በየክረምቱ ውሃ ይገባል። ሁለት ጊዜ ኤልኢዲ አስገብቼ ሁለቱም በጥቂት ወራት ውስጥ ተበላሹ። ሲሊኮን ቀብቼ ሁሉን ልድፈነው?
ከሰንዳፋ መስመር

መልስ፦ ሁሉን አይድፈኑት። ብዙ የመብራት ቤቶች ከሥራቸው የውሃ መውጫ ቀዳዳ አላቸው፤ እሱ ሲደፈን የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። የተለመደው አምፖል ከሚወስደው 5 ዋት አብዛኛውን ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ጤዛውን ያደርቀው ነበር፤ ኤልኢዲ ግን ቀዝቃዛ በመሆኑ ርጥበቱ እዚያው ይቀርና ሶኬቱን ያዝጋል። ስለዚህ አምፖሉን ሳይሆን መጀመሪያ የክዳኑን ጎሚኒ ይቀይሩ፤ ሽቦው ወደ መብራቱ ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ዞሮ እንዲወጣ ያድርጉት፣ ውሃው ሽቦውን ተከትሎ ከመግባት ይልቅ በመታጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል። የነሐሱን መገናኛ ከጠረጉ በኋላ ለኤሌክትሪክ መገናኛ የተሠራ ቅባት በስሱ ይቀቡት። የመኪናዎ አምፖል በሁለት ጫፍ የሚያዝ፣ በርሜል መሰል ዓይነት ከሆነ ርዝመቱን በሚሊሜትር ይለኩ፤ በ36 ቦታ 31 ቢገባ በኮረኮንች ላይ እየዘለለ እሳት ይረጭና ኤልኢዲውን ይጨርሰዋል።

ጥያቄ፦ ከአውሮፓ የመጣች መኪናዬ ላይ የታርጋ ኤልኢዲ ካስገባሁ ወዲህ ዳሽቦርዱ አምፖል ተቃጥሏል ይለኛል፤ መብራቱ ግን ይበራል። ምን ላድርግ?
ከለገጣፎ

መልስ፦ የመኪናዎ ኮምፒውተር አምፖሉን የሚያውቀው በሚወስደው አምፔር ነው። ከአንድ አምፖል 0.4 አምፔር ያህል ይጠብቃል፤ ኤልኢዲው ከ0.1 በታች ሲወስድ አምፖሉ የሌለ ይመስለዋል። በሽያጭ ላይ «ካንባስ» የተባሉ፣ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ የሚወስድ ሬዚስተር በውስጣቸው ያለባቸው ኤልኢዲዎች አሉ፤ ማስጠንቀቂያውን ያጠፉታል፤ ነገር ግን ሬዚስተሩ ስለሚሞቅ የኤልኢዲው ዕድሜ ያጥራል። ከውጪ ሬዚስተር ለመቀጠል ካሰቡ 50 ኦም ያለው ሬዚስተር ሞተሩ ሲሠራ 4 ዋት ያህል ሙቀት እንደሚያወጣ ይወቁ፤ በብረት ላይ ይታሰር እንጂ በፕላስቲክ ወይም በሽቦ እቅፍ ላይ በናስትሮ አይጠቅለል። እኛ በእርስዎ ቦታ ብንሆን ጥሩ ጥራት ያለውን የተለመደውን 5 ዋት አምፖል መልሰን እናስገባ ነበር፤ ብርሃኑ ይበቃል፣ በእውነት ሲቃጠልም ኮምፒውተሩ በትክክል ይነግርዎታል።