መኪናው ሳይመዘን አታጨብጭቡ

ልጆቼ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ባሕር ዳር ጋራዥ ውስጥ የሞተር ድምፅ ሳዳምጥ ኖሬአለሁ። ደንበኛ ይመጣና «ካምቢዮው ሞቷል አሉኝ» ይለኛል። «ማን አለህ? አንተስ ምን ሰማህ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ ያን ያለው ሰው መኪናውን በዓይኑ አላየውም፤ ብልሽቱም ፍሪሲዮን ሆኖ ይገኛል።

የፎርሙላ ዋን የመኪና እሽቅድምድም ወሬ ከቴሌግራምና ከፌስቡክ ስትለቃቅሙ ሳይ ያ ደንበኛ ትዝ ይለኛል። እኔም ብሆን አንድ ምሽት እሱን ሆኜ ተገኝቻለሁ።

ሐምሌ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ጣና ዳር ካለች ቡና ቤት ተቀምጠን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የቤልጂየሙን ውድድር በስልክ ተከታተልን። የመርሴዲሱ ጆርጅ ራስል ጎማ አንድ ጊዜ ብቻ ቀይሮ የቡድን ጓደኛውን ሉዊስ ሃሚልተንን በግማሽ ሰከንድ ገደማ ቀድሞ ገባ። ከረዳቴ ጋር በቡና ተወራርደን ስለነበር እየተኩራራሁ ጠጣሁ፤ የራስልንም ድል ለማውቀው ሁሉ ላክሁ። ማታ ቤት ገብቼ ስልኬን ስከፍት አሸናፊው ሃሚልተን ሆኗል።

መጀመሪያ ያነበብኩት ሴራ ሴራ የሚሸቱ አስተያየቶችን ነበር። እውነቱ የተገኘው ውድድሩን ከሚቆጣጠረው ከዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን ሰነድ ነው። የራስል ቁጥር 63 መኪና ሲመዘን 798 ኪሎ ግራም ሆነ፤ በዚያ ዓመት የተፈቀደው ዝቅተኛ ክብደትም ይኸው ነበር። ደንቡ ግን የሚቆጥረው ያለ ነዳጅ ነው። ውስጡ የቀረው 2.8 ሊትር ነዳጅ ወጥቶ ሲመዘን ወደ 796.5 ወረደ። አንድ ኪሎ ተኩል! በክረምት እኛ ጋራዥ የሚገባ ሰው በጫማው ይዞት የሚመጣው ጭቃ ከዚያ አያንስም። ዳኞቹም ውጤቱን ሰረዙ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ የዚህ ነገር ሥሩ ሰዓትና ፊርማ ያለበት፣ ማንም ከድረ ገጹ ሊያነበው የሚችል ያ ወረቀት ነው።

የሾፌሮች ዝውውር ወሬ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ይፋዊ መግለጫም ያሳስታል። ሐምሌ 26 ቀን 2014 ዓ.ም. አልፒን የተባለው ቡድን «ኦስካር ፒያስትሪ በሚቀጥለው ዓመት ለእኛ ይነዳል» ብሎ አወጀ። በሰዓታት ውስጥ ልጁ ራሱ በትዊተር ውል አልፈረምኩም፣ ለእነሱም አልነዳም አለ። ጉዳዩ የውል ጉዳዮችን ለሚያየው ቦርድ ቀርቦ፣ ነሐሴ 27 ቀን ልጁን ላስፈረመው ለሌላው ቡድን ለማክላረን ተፈረደ። የወንድ ወገን ብቻውን «ልጅቱን ሰጥተውናል» ብሎ ቢያወራ ድንኳን እንተክላለን? የሴቷን ቤት ቃል እንጠብቃለን እንጂ።

በማኅበራዊ ገጾች ከስም አጠገብ የሚታየው ሰማያዊ ምልክት ዛሬ በወርኃዊ ክፍያ የሚገዛ ነው፤ አትመኑበት። ከማንኛውም ምልክት ይልቅ እኔ የማየው ገጹ ሲሳሳት የሚያደርገውን ነው። ጽሑፉን በዝምታ አጥፍቶ ሌላ የሚለጥፈውን ትቼዋለሁ። በስሙ የሚጽፍ፣ ውድድሩ ቦታ ድረስ የሚሄድና «ትናንት ያልኩት ስህተት ነበር» የሚል ጋዜጠኛ ካገኘሁ ግን ዘግይቶ ቢጽፍ እንኳን እጠብቀዋለሁ።

እኔም በማግስቱ የራስልን ድል ለላክሁላቸው ሁሉ «ተሳስቻለሁ» ብዬ አንድ በአንድ ጻፍሁ። ረዳቴም የቡናውን ሂሳብ ጠየቀኝ። ውርርዳችን «ማን ቀድሞ ይገባል» እንጂ «ማን ዋንጫ ይወስዳል» አልነበረም ብዬ እስከ ዛሬ አልከፈልሁትም።