«እነርሱ እንደ ተጻፈው ይቀበላሉ፣ እኛ እንተረጉማለን» የሚባለው እውነት ነውን?

ጥያቄ፦ አብራኝ የምትሠራ ሙስሊም እኅት «መጽሐፋችሁ እግዚአብሔር ተጸጸተ ይላል፤ አምላክ ይጸጸታልን?» አለችኝ። እኔም ተናድጄ «የእናንተስ ቁርኣን አላህን እንደ ሰው እጅ ያለው አያደርገውምን?» አልኋት። እርሷም «እኛ እንደ ተጻፈው እንቀበላለን፤ እናንተ ግን ሲከብዳችሁ ምሳሌ ነው ትላላችሁ» ብላ አፌን አስያዘችኝ። ምን ልመልስላት?

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህ ጥያቄ መልኩን እየለወጠ ደጋግሞ ይደርሰኛል፤ በተለይ በስልካቸው ክርክር ከሚከታተሉ ወጣቶች። ሙስሊም ሁሉ መጽሐፉን ቃል በቃል ይረዳል፣ ክርስቲያን ደግሞ ንባቡን ትቶ ምሥጢር ይፈልጋል ይላሉ። ሁለቱም ስሕተት ነው።

ከእነርሱ ልጀምር። አላህ በዐርሹ (በዙፋኑ) ላይ «ተደላደለ» የሚለውን የቁርኣን አንቀጽ (20÷5) ይዞ አንድ ሰው የመዲናውን ሊቅ ማሊክ ኢብን አነስን «እንዴት ተደላደለ?» ብሎ ጠየቃቸው። ሊቁ አንገታቸውን ደፍተው ላብ እስኪያጠምቃቸው ዝም አሉ ይባላል። ከዚያም መደላደሉ የታወቀ ነው፣ እንዴትነቱ አይደረስበትም፣ ማመኑ ግዴታ ነው፣ ስለ እርሱ መጠየቅ ግን ቢድዓ (በሃይማኖት ውስጥ የተፈጠረ አዲስ ነገር) ነው ብለው መለሱ። ማሊክ የሞቱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ795 ነው፤ ክርክሩ የዚያን ያህል የቆየ ነው። በአእምሮ ምርምር የሚደገፉት የባስራና የባግዳድ ሙዕተዚላ የተባሉ ሊቃውንት «እጅ» ማለት ኃይል ወይም ጸጋ ነው ብለው ተረጐሙ። ከእነርሱ ዘንድ ተምሮ የተለያቸው አቡል ሐሰን አል አሽዐሪ ግን ቁርኣን ስለ አዳም «በሁለት እጆቼ የፈጠርኩት» (38÷75) ማለቱን ጠቅሶ፣ እጅ ኃይል ከሆነ ሁለት ኃይል ምንድን ነው ሲል ሞገታቸው። እርሱ ቃሉን ተቀብሎ «እንዴት» ብሎ አለመጠየቅን መረጠ፤ ከተከታዮቹ ብዙዎቹ ግን ኋላ ወደ ትርጓሜ አዘነበሉ። እነዚህን ተርጓሚዎች የተቃወመው ሊቅ ኢብን ተይሚያ ስለ አላህ ባሕርያት በያዘው አቋም ተከስሶ ካይሮ ውስጥ ታስሯል። ዛሬም ከሐረር የተነሡት የሼኽ አብዱላህ አል ሐረሪ ተከታዮች «አላህ ቦታ ሳያስፈልገው አለ» ሲሉ፣ የቀደሙትን ሙስሊሞች መንገድ እንከተላለን የሚሉት ሰለፊዎች «ከዐርሹ በላይ ነው» ይላሉ።

እንግዲህ ባልደረባሽ «እኛ» ያለችው አንድ ወገን አይደለም። ይሁንና ወገኖቹ ሁሉ «እርሱን የሚመስል ምንም የለም» (42÷11) የሚለውን ይይዛሉ። አንቺ «እንደ ሰው እጅ» ስትዪ እነዚህ ሊቃውንት ሁሉ የሚክዱትን ነገር በእምነቷ ላይ ጭነሻል። «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ በክርክር ጊዜ አይታጠፍም።

አሁን ወደ እኛ። 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 15ን ክፈቺ። በቁጥር 11 እግዚአብሔር ሳኦልን በማንገሡ መጸጸቱን ይናገራል፤ በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 29 ሳሙኤል እግዚአብሔር እንደ ሰው የሚጸጸት አይደለም ይላል። ይህን ያጣመርነው ከብዶን አይደለም፤ መጽሐፉ ራሱ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አኑሮ እንድናስተውል ያስገድደናል። «ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል» የሚሉ ልጆቻችን ትርጓሜ ንባቡን የሚሽር ይመስላቸዋል። የየኔታ ጉባኤ እንዲህ አያስተምርም፤ ንባቡ ካልጸና ትርጓሜው የሚቆምበት የለውም።

የእኛም አባቶች በዚህ ተፈትነዋል። በ399 የእስክንድርያው ቴዎፍሎስ እግዚአብሔርን ሰው መሳይ አድርገው የሚያስቡትን የሚነቅፍ መልእክት ወደ ገዳማት ሲልክ፣ ሱራፒዮን የሚባል አረጋዊ መነኮስ በጸሎት ላይ «አምላኬን ወሰዱብኝ» ብሎ አልቅሷል። እኔ በዚያ ሽማግሌ አልፈርድም፤ ወደ እርሱ የሚጸልዩበትን ፊት ማጣት ከባድ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለሥላሴ ፍጹም አካል፣ ፍጹም ገጽ፣ ፍጹም መልክ አላቸው ስትል ረቂቅና በሁሉ የመላ መሆኑን አብራ ታስተምራለች፤ ግዙፍ፣ የሚወሰን፣ የሚዳሰስ አካል ማለቷ አይደለም።

ነገር ግን ምሳሌ ነው የማንልበት ስፍራ አለ። «ቃል ሥጋ ሆነ» (ዮሐ. 1÷14) ምሳሌ አይደለም። በባሕርዩ የማይዳሰሰው ከእመቤታችን ሥጋን ነሥቶ እጅ አለው ስንል፣ በችንካር የተወጋውን፣ ቶማስ «እይ» የተባለውን እጅ ማለታችን ነው። ከባልደረባሽ ጋር የምንለያየው እዚህ ላይ ነው፤ ልዩነታችንን ስለ መጸጸትና ስለ ዙፋን በሚደረግ ሽሙጥ አትሸፍኚው።

ስለዚህ መጀመሪያ በቁጣ ስለ ተናገርሽው ይቅርታ ጠይቂያት። ከዚያ ምዕራፍ 15ን ከመጀመሪያው አንብቢላት፤ እርሷም የ«እጅ»ን አንቀጾች መምህራኖቿ እንዴት እንዳስተማሯት ትንገርሽ፤ ሳታቋርጪ ስሚያት። ስለ ክርስቶስ ከጠየቀችሽ ደግሞ የዮሐንስን ወንጌል ከቁጥር አንድ ጀምረሽ መልሺላት።