ሳልጠየቅ በአገሬ ገንዘብ ቆረጡብኝ፤ ማስመለስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ካረፍኩበት ሆቴል ስወጣ ተቀባዩ ካርዴን ማሽኑ ላይ አድርጎ ደረሰኝ ሰጠኝ፤ ፈረምኩ። በኋላ ሳየው ሂሳቡ የተቆረጠው በዚያ አገር ገንዘብ ሳይሆን በእኔ አገር ገንዘብ ነው፤ ምንዛሪውም በጣም የተወደደ። ከፈረምኩ በኋላ መብት አለኝ? ሌላም ልጠይቅ፤ በሚቀጥለው ጉዞ ጥሬ ገንዘብ ከባለቤቴ ጋር ተከፋፍለን ብንይዝ ከማስመዝገብ እንድናለን?

መልስ፦ መብት አለዎት፤ ፊርማዎ ግን ሥራውን ያከብደዋል። በካርድ ባለቤቱ አገር ገንዘብ መቁረጥ በራሱ ሕገወጥ አይደለም። ትርፉ ያለው ምንዛሪው ላይ ስለሆነ ማሽኑን ያስገባው ወገን ይወደዋል። ሆኖም በቪዛም ሆነ በማስተርካርድ ደንብ ምርጫው የደንበኛው ነው፤ ተቀባዩ ሊመርጥልዎ አይችልም።

እስቲ ደረሰኙን አውጥተው ግርጌውን ያንብቡ። በደቃቁ “የገንዘብ ዓይነት ምርጫ ቀርቦልኛል፣ ተስማምቻለሁ” የሚል ይኖራል፤ ፊርማዎ ያረፈው ከዚያ ሥር ነው። ሆቴሉም የሚከራከርዎት በዚሁ ነው።

ስለዚህ ለባንክዎ ሲያመለክቱ “ተወደደብኝ” አይበሉ። መወደድ ብቻውን ክፍያ አያስመልስም፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈውም እዚህ ላይ ነው። “ምርጫ አልተሰጠኝም፣ ማሽኑንም አላየሁም” ብለው በጽሑፍ ያቅርቡ። የደረሰኙን ቅጂ፣ የሂሳብ መግለጫዎን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዋጋው በዚያ አገር ገንዘብ የተጻፈበትን የክፍል ማስያዣ ማረጋገጫ ያያይዙ። የተስማሙበት ገንዘብ የትኛው እንደነበር የሚናገርልዎ እሱ ነው። አቤቱታው የጊዜ ገደብ አለው፤ ባንክዎ ስንት ቀን እንደሚፈቅድ ዛሬውኑ ይጠይቁ። ቢሳካልዎም በአብዛኛው የሚያገኙት የምንዛሪውን ልዩነት ነው። ክፍሉ ውስጥ አድረዋልና ሙሉ ክፍያውን አይጠብቁ።

ለወደፊቱ፣ ማሽኑ ሁለት ገንዘብ ሲያሳይ ያሉበትን አገር ገንዘብ ይጫኑ። ኤቲኤም ላይም “በዚህ ምንዛሪ ይስማማሉ?” ሲል እምቢ ማለት ገንዘቡን አያስቀርም፤ ምንዛሪውን የሚሠራው የእርስዎ ባንክ ወገን ይሆናል ማለት ብቻ ነው። በአገርዎ ገንዘብ የተቆረጠ ደረሰኝ ከቀረበልዎ አይፈርሙ፤ ይሰረዝና በአገሩ ገንዘብ ይሠራ ይበሉ። ከቆጣሪው ሳይርቁ ይህን ማስደረግ ከሁለት ወር ደብዳቤ ይቀላል።

ወደ ጥሬው ገንዘብ ልምጣ። መከፋፈሉን አልመክርዎትም። የአውሮፓ ኅብረት 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ይዞ የሚገባም የሚወጣም መንገደኛ እንዲያሳውቅ ያዛል። አሜሪካ ደግሞ ከ10,000 ዶላር በላይ ሲሆን ትጠይቃለች፤ አብሮ የሚጓዝ ቤተሰብ የያዘውንም ደምራ ታያለች። እዚያ ከማሳወቅ ለማምለጥ ብሎ ገንዘብ መከፋፈል ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ሊወረስ ይችላል። የመንገደኛ ቼክም ይቆጠራል።

የሚገርመኝ ሰው የሚፈራው ማሳወቁን መሆኑ ነው። ማሳወቅ ቀረጥ አያስከፍልም፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ የባንክ ወረቀት ይያዙና ቅጹን ይሙሉ። የቅጹን ቅጂ እስኪመለሱ አይጣሉ፤ የተረፈውን ይዘው ሲወጡ ከየት አመጡት ቢባሉ መልስዎ እሱ ነው።