ለዛሬ የሚበቃ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱኝ ጥያቄዎች አንድ ጭንቀት ይዘዋል፦ ነገን ሳላውቅ ዛሬን እንዴት በእግዚአብሔር ተማምኜ ልዋል?

«ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባጃጅ እነዳለሁ። ቤንዚን ሲጠፋ ሰልፍ ላይ ውዬ ባዶ እጄን እገባለሁ። "ለነገ አትጨነቁ" ተብሎ ሳለ ዕቁብ መግባቴ አለማመን ነው?»

አይደለም። ጌታ የከለከለው መጨነቅን እንጂ ማሰብን አይደለም። ዮሴፍ በግብፅ ሰባት ዓመት ሙሉ እህል አከማችቷል።

እስራኤል በምድረ በዳ ከሰማይ የወረደላቸውን የመናውን ነገር ግን ልብ በል። ለነፍስ ወከፍ በየቀኑ አንድ ጎሞር፣ የአንድ ቀን መስፈሪያ፣ ነበር የሚለቀመው፤ ለነገ ያሳደረው ሰው መናው ተልቶ ሸተተበት። በስድስተኛው ቀን ደግሞ እጥፍ ልቀሙ ተባሉ፤ ያ ለሰንበት አደረ፣ አልተላም። ሁለቱም አሳድረዋል። ያኛው ቃሉን ባለመስማት፣ ይኼኛው በትእዛዝ። ስለዚህ ዕቁብህን ጣል። ብቻ ሰልፉ ላይ ቆመህ የወሩን የቤት ኪራይ፣ የልጆቹን ክፍያ፣ ለባጃጁ ባለቤት የምታስገባውን ገቢ በአንድ ጊዜ አትሸከም። የምንጸልየው «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ብለን ነው፤ የዕለቱን፣ ዛሬ። ባዶ እጅህን የገባህ ማታ ደግሞ ከሚስትህ ደብቀህ አትተኛ። ንገራትና አብራችሁ ጸልዩ።

ከሐረር፦ «ሙስሊም ጎረቤቴ በሁሉም ነገር "ኢንሻአላህ" ትላለች። እኔ "ነገ እመጣለሁ" ብዬ እቆርጣለሁ።»

ጎረቤትሽ ደህና አድርጋ አስታወሰችሽ። ሐዋርያው ያዕቆብም (4፥15) «ጌታ ቢፈቅድ» እንድንል አዝዞናል። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የእናቶቻችን ቃል ነው፤ አፋችን ላይ እንመልሰው።

«ልጅ እንዲሰጠኝ ቁልቢ ገብርኤል ከተሳልኩ ሦስት ዓመቴ ነው። የሌሎች ስለት ሲገባ እያየሁ እመለሳለሁ። እግዚአብሔር ጠልቶኝ ይሆን?»

አልጠላሽም፣ እህቴ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ቁልቢ ላይ ልጁን አዝሎ ስለቱን የሚያስገባው ለሁሉም ይታያል፤ ጀርባዋ ባዶ ሆኖ የመጣችውን ግን ማንም አያያትም።

እስቲ የበዓሉን ታሪክ አብረን እናስበው። ታኅሣሥ 19 የምናከብረው ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን፣ ሦስቱን ልጆች፣ ከንጉሥ ናቡከደነፆር እሳት ያወጣበትን ቀን ነው። ልጆቹ ለንጉሡ የመለሱትን ዳንኤል ምዕራፍ 3 ላይ አንብቢው፦ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፤ ባያድነን እንኳ ለምስልህ አንሰግድም። ይህን ሲሉ መልአኩ ገና አልመጣም። እቶኑ ይነዳል፣ እነሱም ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አያውቁም። እኛ ግን መጨረሻውን ስለምናውቅ «ባያድነን እንኳ» የምትለዋን ቃል ዘልለን እልል እንላለን። አንቺ አሁን ያለሽው እዚያች ቃል ላይ ነው፤ እነሱም በዚያች አልፈዋል።

«ዘንድሮ ይሆንልሻል» ብዬ ልጽፍልሽ አልችልም። እንዲያ ብሎ ቀን ከሚቆርጥልሽ ሰውም ተጠንቀቂ። አልቅሺ፤ ሐና ልጅ አጥታ በሴሎ ስታለቅስ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስላው ነበር፣ እግዚአብሔር ግን የልቧን ሰምቷታል። ሐኪም ዘንድ መሄድም ስለትሽን አያፈርሰውም፤ ባልሽም አብሮሽ ይመርመር።

«የሌሊት ተረኛ ነኝ። ጠዋት ጸሎት ጀምሬ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ አፍራለሁ።»

ተኛ። ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ ከዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ አልተቆጣውም፤ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ። አንተ ከሥራ ስትወጣ መንገድ ላይ አንድ መዝሙር በቃልህ በል፣ ይበቃል።

«ቤቴ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ከላይ ደንገጎ ተራራ ላይ ደመና ካየሁ ዓይኔ አይከደንም። ልጆቼ "እምነት የለሽም" ይሉኛል።»

ልጆችሽ አልደረሱበትማ! በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዝናቡ የሚወርደው ላይ ተራራው ላይ ስለሆነ ከተማው ውስጥ ጠብ ሳይል ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። ያንን ሌሊት ያየ ሰው ደመና ቢፈራ እምነቱ ጎድሎ አይደለም። ዳዊትም በሚፈራበት ቀን በእግዚአብሔር እንደሚታመን ነው የዘመረው፤ ፍርሃቱና መታመኑ ያው አንድ ቀን ላይ ናቸው።

ሰይጣን ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መልሶለታል። እናም መጠንቀቅሽን እንደ አለማመን አትቁጠሪው። መታወቂያውንና የቤቱን ካርታ በፌስታል ጠቅልለሽ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪ። የልጆቹ ጫማ በር ሥር ይደር። ደንገጎ የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለሽ ዝናብ ሲጥል እንዲደውልልሽ ንገሪው፤ ቤቷ ከፍታ ላይ ካለ ጎረቤትም ጋር አሁኑኑ ተነጋገሪ። ከዚያ አማትበሽ ተኚ። ልጆችሽ እምነት አለን ካሉ በየተራ ይንቁልሽ፤ ዛሬ ሌሊት ትልቁ ይጀምር።