ያለ ካርድ ከኤቲኤም ብር ማውጣት፦ ኮዱ መጥቶ ማሽኑ እምቢ ሲል

ጥያቄ፦ ከአጋሮ ታካሚ ይዤ ጅማ መጣሁ። መንገድ ላይ ቦርሳዬ ከነካርዱ ጠፋ። ሌሊት መድኃኒት ከውጭ ግዙ ስንባል በሞባይል ባንኪንግ ያለ ካርድ ማውጫ ኮድ ጠይቄ፣ ሆስፒታሉ አቅራቢያ ባገኘሁት ኤቲኤም ሞከርኩ። «ግብይቱ አልተሳካም» አለኝ። ሌላ ኮድ ጠየቅሁ፤ አሁንም እምቢ። ጭራሽ ከሂሳቤ ብር ተቀንሷል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ታካሚዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። ሦስተኛ ኮድ አይጠይቁ። በብዙ ባንኮች አሠራር ኮዱ ሲወጣ ብሩ ከሂሳብዎ ላይ ይያዛል፤ ስለዚህ ሁለት ኮድ ማለት ሁለት ጊዜ የተያዘ ብር ነው። ሳይጠቀሙበት ጊዜው ካለፈ ይመለሳል። ስልክዎ ላይ ኮዱን መሰረዣ ካለ ደግሞ አሁኑኑ ይሰርዙት።

ማሽኑ እምቢ ያለበትን ምክንያት ስገምት መጀመሪያ የምጠረጥረው የማን ማሽን እንደሆነ ነው። ኢትስዊች ባንኮቹን ካገናኘ ወዲህ የአንዱን ባንክ ካርድ በሌላው ኤቲኤም መጠቀም ለምደናል። ኮዱ ግን እንደ ካርዱ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ያወጣው ባንክ ሲስተም ብቻ ነው። ሌሊት ተቸኩሎ ፊት ለፊት ያገኙትን ማሽን መሞከር ያለ ነው፤ ይሁንና የራስዎን ባንክ ማሽን ፈልገው ካልቆሙ ኮዱ ዋጋ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ማሽኑ ጋ ይድረሱ፣ ከዚያ ኮዱን ይጠይቁ። ቤት ሆነው ጠይቀው ባጃጅ እስኪያገኙ ጊዜው ሊያልፍ ይችላል።

ማሽኑ የራስዎ ባንክ ከሆነ የሚቀጥለው ጥርጣሬዬ መጠኑ ነው። ኮዱን ሲያወጡ የሞሉትና ማሽኑ ላይ የሚጽፉት ብር አንድ መሆን አለበት። ካሴቶቹ፣ ማለትም የማሽኑ የብር ሳጥኖች፣ ውስጥ በብዛት ያለው ባለ 100 እና ባለ 200 ኖት ስለሆነ 1,250 ብሎ መጠየቅ ራስን ማድከም ነው፤ 1,200 ይበሉ።

ሦስተኛው ጥርጣሬዬ የኔትወርክ መስመሩ ነው። በክረምት ዝናብና መብረቅ ሲበዛ የእኛ የኤቲኤም ጥገና ሠራተኞችም ሥራ የሚበዛው በዚሁ ምክንያት ነው። መብራት ሲሄድ ማሽኑ በዩፒኤስ (በመጠባበቂያ ባትሪ) ቆሞ ስክሪኑ ይበራል፤ ኔትወርኩ ግን ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ከእርስዎ በፊት የተሰለፈ ሰው ካለ ብር ሲወጣለት ይዩ፤ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ የለም።

ማሽኑ ብር ሲቆጥር ከሰሙ ግን ከአጠገቡ አይራቁ። የወጣ ብር ቶሎ ካልተነሳ ማሽኑ መልሶ ሊውጠው ይችላል። ቆጥሮ ምንም ካልወጣ የብር መውጫውን አፍ በጣትዎ ይዳብሱ፤ የተለጠፈ ነገር ካገኙ እዚያው ቆመው ወደ ባንኩ ይደውሉ፣ «ልርዳዎት» የሚል ሰውም አያስጠጉ። ማሽኑ እያንዳንዱን ግብይት በሰዓቱ ይመዘግባል፤ ካሴቱ ሲቆጠር ያልወጣ ብር ትርፍ ሆኖ ይታያል። ሰዓቱን፣ የማሽኑን ቦታና የመጣልዎትን መልእክት ይዘው ጠዋት ቅርንጫፍ ሲቀርቡ አቤቱታዎ የሚጣራው በዚህ ነው።

የጠፋውን ካርድ አሁኑኑ ያሳግዱ። የንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆኑ በ951 ይደውሉ። «ከባንክ ነው» ብሎ ደውሎ ኮዱን የሚጠይቅ ካለ ሌባ ነው፣ ይዝጉበት።

ለዛሬ ሌሊት ግን እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ኤቲኤሙን ትቼ በቀጥታ ፋርማሲው ጋ እሄድ ነበር። በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር የሚቀበሉ ብዙ ናቸው። ጥሬ ብር ግድ ከሆነም ለሚያምኑት አስታማሚ በስልክ አስተላልፈው በእጁ ያለውን መቀበል ይችላሉ፤ ብሩን ከመቀበልዎ በፊት ግን መልእክቱ ለእሱ መድረሱን አብራችሁ እዩ።