ጥያቄና መልስ፦ የፔኖብስኮት ልዑካን ወደ ካናዋኬ

ስለ ፔኖብስኮት ሕዝብ የሸንጎ ትዝታ የጠየቃችሁኝን እነሆ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እነማን ናቸው? ወዴትስ ነበር የሚላኩት?

መልስ፦ በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ በስማቸው በሚጠራው ወንዝ ዳር የሚኖሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። ከፓሳማኳዲ፣ ማሊሲት፣ ሚክማክና አቤናኪ ጋር የዋባናኪ ኅብረት አባል ናቸው። ልዑካኑ ይሄዱ የነበረው በካናዳ፣ በሞንትሪያል አጠገብ ወዳለችው የሞሃውኮች (የሌላ ነባር ሕዝብ) መንደር፣ ወደ ካናዋኬ ነው። ታላቁ የሸንጎ እሳት የሚነደው፣ ማለትም ሕዝቦቹ ለጋራ ሸንጎ የሚሰበሰቡት፣ እዚያ ነበር።

ጥያቄ፦ መንገዱስ?

መልስ፦ በበርች ቅርፊት ታንኳ። ወንዙ ሲያበቃ ታንኳውን ተሸክሞ እስከሚቀጥለው ውሃ መጓዝ ነው።

ጥያቄ፦ በቃል ብቻ የቆየ ታሪክ እንዴት ይታመናል? እያደር አይለወጥም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ቃሉ ብቻውን አልነበረም። ከባሕር ዛጎል የተሠሩ ነጭና ሐምራዊ ዶቃዎች አሉ፤ ዋምፐም ይባላሉ። መልእክቱና ስምምነቱ በዶቃው መቀነት ላይ ይያዛል። የተማረ ጠባቂ መቀነቱን ይዞ በሕዝብ ፊት ቃሉን ይናገራል። ሰሚዎቹም የሚያውቁት ነውና እንደፈለገ ሊቀይረው አይችልም። ለእኔ ይህ ከብዙ የቅኝ ገዥ ደብዳቤ የበለጠ ጥንቃቄ ያለበት ነው። ደብዳቤውን የሚጽፈው አንድ ሰው ነው፤ እዚህ ግን ሸንጎው ሁሉ ይመሰክራል።

ጥያቄ፦ ሞሃውኮች ጠላቶቻቸው አልነበሩም?

መልስ፦ ነበሩ። ትዝታውም የሚጀምረው ከዚያው ከደም መፋሰሱ ነው። ጠላት የነበሩ ሰዎች ተቀምጠው ሕግ ያወጣሉ፤ እንግዳ የሚቀበሉበት የሰላምታ ዜማ ሳይቀር ይደነግጋሉ። ዓመተ ምሕረት ፈልጋችሁ ከሆነ እዚህ ብዙ አታገኙም። ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደታረቀ ግን ታገኛላችሁ።

ጥያቄ፦ የት ተጽፎ ይገኛል?

መልስ፦ የፓሳማኳዲው ሉዊስ ሚቸል የሕዝቡን የዋምፐም ቃል በራሱ ቋንቋ ጻፈ፤ በ1897 ታተመ። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ፍራንክ ስፔክ ደግሞ ከፔኖብስኮት ሽማግሌዎች የሰማውን በ1915 አወጣ። አደራ፣ ሁለቱን አትደባልቁ። የአንዱ ሕዝብ ትዝታ የሌላው ምትክ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ኅብረቱ አሁን አለ?

መልስ፦ በ1860ዎቹ ፈርሶ ነበር። በ1993 እንደገና ተቋቁሟል፤ ፔኖብስኮቶችም አሉበት።