የአንባቢያን ጥያቄ፦ የአንጄላ በርዴት-ኩትስ ቤትና ውርስ

ጥያቄ፦ ባለጸጋዋ አንጄላ በርዴት-ኩትስ ከደራሲው ቻርልስ ዲከንስ ጋር ለሴቶች ያቋቋመችው ቤት በምን ደንብ ይመራ ነበር?

መልስ፦ «ዩራኒያ ኮቴጅ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1847 ለንደን ውስጥ ሼፐርድስ ቡሽ ተከፈተ። የሚገቡት ከእስር ቤትና ከጎዳና የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ገንዘቡ የእሷ ነው፤ ሩጫው ግን በአብዛኛው የዲከንስ ነበር።

የደንቡ እምብርት የነጥብ መዝገቡ ነው። እውነት መናገር፣ ትጋት፣ ጠባይ፣ ሰዓት ማክበር፣ ቁጠባ፣ ንጽሕና እያለ 9 ዘርፍ አለው። በአብዛኞቹ በቀን እስከ 4 ነጥብ ይገኛል፤ ደኅና የሠራችው ግን አብዛኛውን ጊዜ 3 ነው የምታገኘው። 1,000 ነጥብ 6 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ያወጣል። በ9ኙም ዘርፍ 4 ብታገኝ እንኳ የቀኑ 36 ነውና ቢያንስ 28 ቀን ይፈጅባታል። ጥፋት በቀይ ቀለም ይጻፍና 40 ነጥብ ይሰርዛል፤ አንድ ቀይ ምልክት ከሙሉ ቀን ልፋት ይበልጣል ማለት ነው። ጨከን ያለ ሒሳብ ነው! ከቤቱ የጠፉና የሰረቁም ነበሩ። የጸኑት መርከብ ተሳፍረው በአውስትራሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በካናዳ አዲስ ኑሮ ጀመሩ።

ጥያቄ፦ በማግባቷ ሀብቷን አጣች የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ሁሉንም አይደለም። በ1837 የወረሰችው 1.8 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ፣ የውጭ አገር ሰው እንዳታገባ የሚል ቃል ታስሮበት ነበር። በ1881፣ በ66 ዓመቷ፣ አሜሪካ የተወለደ የ29 ዓመት ወጣት አገባች፤ ከገቢዋ አምስት እጅ ሦስቱ ወደ እኅቷ ዞረ።